«ሕመምተኛዋ ደህና ነኝ ብላለች»

የኢንሹራንሱ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር፤ ሲጠቃለል ግን የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እህተማርያም ደህና ነች። ስድስት ዓመት ሙሉ ከአልጋዋ ለመነሳት በየማለዳው ከራሷ ጋር የምትታገለው ሴት፣ ቡርንስቪል ባለው አፓርታማዋ ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ደህና መሆኗን ከፖስታ ውስጥ አወጣችው። እንዲህ ያለ የምሥራች ለደረሰው ሰው ምን ይባላል? እንኳን ደስ አለሽ?

አሥራ አንድ ጊዜ፣ ይላል ደብዳቤው። ሐኪሟ ዘንድ በቀረበችባቸው አሥራ አንድ ቀጠሮዎች ሁሉ «ሕመምተኛዋ ደህና ነኝ ብላለች» ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ እስካሁን የወሰደቻቸው መድኃኒቶች አልሠሩላትም ለማለት ማስረጃ የለም። ስለዚህ አዲስ የሄደችበት ክሊኒክ የጠየቀላት በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት አልተፈቀደም። ካልተስማማች በስድሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላለች። ከሥሩ የማን እንደሆነ የማይነበብ ፊርማ አለ።

አላለቀሰችም። ለማልቀስም አቅም ያስፈልጋል። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ቆይ ብቻ!» አለች፤ ለማን እንዳለችው እሷም አታውቅም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዋ ንዴት ነበረች።

እህተማርያም አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ሾፌርነት ነው፤ አረጋውያንንና ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ሐኪም ቤት በቫን ታመላልሳለች። በሚኒሶታ ክረምት፣ መንገዱ መስታወት በሆነበት ቀን እንኳ አርፍዳ አታውቅም። እና ድብርት ለሰው እንዴት ይነገራል? ሥራ አላት፣ ባል አላት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ አለቻት። በዚህ ዓለም ላይ እንደ «ምን ጎደለሽ?» የምትጠላው ጥያቄ የለም። ምንም አልጎደለኝም! ጎድሎኝ ቢሆን ኖሮ ገዝቼ እሞላው ነበር፤ ማለት ያምራታል። ግን አትልም። ሳቅ ብላ ታልፋለች፤ ቤቷ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

ባሏ ቂርቆስ ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ግን ሁሉንም ነገር በመሸፈን ነው። ከሰው ጋር ሲገናኙ «ሥራ በዝቶባት ነው» ይላል፣ ሠርግ ስትቀር «ጉንፋን ይዟት ነው» ይላል። በዚህ ሰው አፍ እህተማርያም በስድስት ዓመት ውስጥ አርባ ጊዜ ያህል ጉንፋን ይዟታል። ጸበልም ወስዷታል፤ ጠጥታለች፣ ተጠምቃለች፣ አምናበታለች። ኪኒንም ውጣለች፤ አራት ዓይነት፣ አንዱን ሲያስተዋት ሐኪሙ ሌላ እያዘዘላት። አንዱ አወፈራት፣ አንዱ እንቅልፏን ወሰደው፣ አንዱ አፏን አደረቀው፣ አራተኛው ምንም አላደረጋትም።

በአፍንጫ ስለሚረጨው መድኃኒት የነገራት ሐኪም አይደለም፤ ሚስተር ጌሪ የሚባል ተሳፋሪዋ ነው። ሰውየው የሆፕኪንስ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነው። በሳምንት ሁለቴ ከእህቱ ጋር ሴንት ፖል፣ ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ወዳለ ክሊኒክ ታደርሰዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ቫኑ ውስጥ እንደተጫነ ዕቃ ነበር የሚቀመጠው፤ የጃኬቱን ኮፍያ ዓይኑ ድረስ ስቦ፣ ሰላም ቢሉት የማይሰማ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን በሀይዌይ ዘጠና አራት በኩል ስትገባ ከኋላ ጮኸባት። «በዚህ ሰዓት በዘጠና አራት የሚገባ ምን ዓይነት ሾፌር ነው?» እህቱ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች። እህተማርያም ግን በመስታወቱ ውስጥ ሰውየውን አየችው፤ ዓይኑ ውስጥ ሰው ተመልሶ ገብቶበታል። እንደዚያ ቀን ስድብ ያስደሰታት ጊዜ የለም። መኪናውን ካቆመች በኋላ እህቱን ጎትታ፣ «እዚህ ፎቅ ላይ ምንድን ነው የሚሰጡት?» አለቻት።

እንግዲህ እንዲህ ነው ያገኘችው። ሌላ መድኃኒት ተሞክሮ አልያዝ ላለ ድብርት የሚሰጥ ነው። ለቤት አይሰጥም፤ ክሊኒክ ተቀምጠው፣ ነርስ ፊት፣ ራስዎ አፍንጫዎ ውስጥ ይረጩታል፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ከወንበሩ መነሳት የለም። እስከ ማግስቱ መኪና መንዳት ክልክል ነው፤ ቤት የሚያደርስ ሰው ካልመጣ ክሊኒኩ ሕክምናውን አይጀምርም። ክሊኒኩ መርምሯት፣ ይገባታል ብሎ ለኢንሹራንሱ ጻፈ። ኢንሹራንሱ ደግሞ ደህና ነሽ አላት።

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዛ ወደ ክሊኒኩ ወጣች። የተቀበለቻት ኢብሲቱ የምትባል ነርስ ነች፤ ነቀምቴ ተወልዳ እዚህ የተማረች፣ አማርኛዋ የወለጋ ቅላጼ ያለው፣ ሠላሳ ያልሞላት ልጅ። መጀመሪያ ቀን አበሻ መሆኗን ስታይ እህተማርያም ተመልሳ ልትወጣ ነበር። ኢብሲቱ ነገሩ ገብቷት፣ «እዚህ የሰማሁትን ውጪ ባወራ ፈቃዴን ነው የሚነጥቁኝ። እኔ ደግሞ ለዚያ ፈቃድ አራት ዓመት አልተኛሁም» ብላ አስቀመጠቻት።

ኢብሲቱ ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ ሳቅ አመለጣት።

«ይቅርታ፣ በእርስዎ አይደለም። ሐኪምዎ ጋ ሲገቡ መጀመሪያ ምን ይሉታል?»

«ምን እለዋለሁ፣ ሰላም እለዋለሁ።»

«እሱ ሀው አር ዩ ሲልዎትስ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አይም ጉድ፣ ታንክ ጎድ እለዋለሁ። ታዲያ ምን ልበለው? ገና ሳልቀመጥ ብሶቴን ልዘርግፍበት?»

ኢብሲቱ ጣቷን ደብዳቤው ላይ አሳረፈች። «ይኸው፣ እሱኑ ነው የጻፈው።»

እህተማርያም ደብዳቤውን አየች፣ ልጅቷን አየች። አሥራ አንድ ጊዜ! እንቅልፍ የለኝም ያለችው፣ እህል አፈር አፈር ይለኛል ያለችው፣ ልጄ ስትስቅ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ ያለችው ሁሉ ከዚያች ሰላምታ በኋላ ነው። ሐኪሙ ኪኒኑን ይቀይርላታል፤ ማስታወሻው ላይ ግን የመጀመሪያዋን ቃል ያሰፍራል። በጨዋነቷ የመለሰችው መልስ ማኅተም ተመትቶበት ተመልሶ መጣባት። ፊቷ ጋለ። እንዲህ እንድትመልስ አድርገው ባሳደጓት ላይ ጭምር ነው የተናደደችው።

«ይግባኙ በስልክ ነው» አለች ኢብሲቱ። «የእኛም ሐኪም ትገባለች፣ ግን እርስዎ ራስዎ መናገር አለብዎት። በአማርኛ ይናገሩ፤ አስተርጓሚ ይሰጡዎታል።»

«አንቺ በይኝ። ደግሞ እንግሊዝኛ እኮ አውቃለሁ።»

«እንግሊዝኛሽ የሥራ ነው፤ ቀበቶ እሰሩ፣ ደርሰናል፣ መልካም ቀን። እንግሊዝኛ ስትናገሪ ደግሞ ፈገግ ትያለሽ። ቅድም ለሪሴፕሽኗ ምን አልሻት?»

እህተማርያም አሰበች። አይም ጉድ ነበር ያለቻት።

ቂርቆስ ነገሩን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ። «አስተርጓሚ? እህተ፣ አብደሻል? የኛ ሰው ነው እኮ የሚሆነው! ሚኒሶታ ውስጥ ስንት የአማርኛ አስተርጓሚ አለ? ነገ እትዬ ገላኔ ጆሮ ቢገባስ?»

እትዬ ገላኔ ማለት ሆፕኪንስ የምትኖር፣ ከነርሲንግ ሆም ሥራ በቅርቡ ጡረታ የወጣች፣ በሰንበቴው ሰው ሁሉ የምትከበር፣ ከመከበር ይልቅ ግን የምትፈራ ሴት ነች። ማን ተፋታ፣ ማን ከሥራ ተባረረ፣ የማን ልጅ ትምህርት አቋረጠ፣ እሷ ሳታውቀው አይከርምም። ቂርቆስ ከሞት ቀጥሎ የሚፈራው እሷን ነው።

«ይግባ» አለች እህተማርያም።

«እንዴት ይግባ?»

«ይግባ ነዋ! አንተ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ ደብቀኸኛል። ተሻለኝ?»

ቂርቆስ ሹካውን አነሳ፤ ምግቡን ግን አልነካውም። እሷም አዘነችለት። ማዘኗ ግን ሐሳቧን አላስቀየራትም።

ቀጠሮው ረቡዕ ረፋድ ላይ ነበር። በሁለት ተሳፋሪዎች መካከል የአርባ ደቂቃ ክፍተት ስለነበራት ሆፕኪንስ አንድ ሱፐርማርኬት ፊት ለፊት ቫኑን አቆመች። የካቲት ነው፤ ማሞቂያው እንዳይጠፋ ሞተሩን አላጠፋችም። ስልኩ ላይ በመጀመሪያ ይግባኙን የሚሰማው የኢንሹራንሱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ገባች፤ ሐኪም ነች፣ ድምፅዋ የተቀዳ ይመስላል። ሌሎች ሁለት ሰዎች ስማቸውን ተናገሩ። የክሊኒኳ ሐኪም ገባች። መጨረሻ ላይ የወንድ ድምፅ መጣ፤ የአስተርጓሚ ቁጥሩን ጠርቶ፣ የሚሰማውን ሁሉ በምስጢር እንደሚይዝ፣ ሁሉንም ነገር እንዳለ እንደሚተረጉም በሁለቱም ቋንቋ አስታወቀ።

እህተማርያም ድምፁን አወቀችው። ስሙን አልተናገረም፤ ሕጋቸው አይፈቅድም። ግን ያንን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ? በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ማስታወቂያ የሚያነበው ሐብተማርያም ነው። የማን ልጅ እንደሚዳር፣ የማን አርባ እንደሚወጣ፣ የማን መኪና መንገድ እንደዘጋ፣ ሁሉንም በዚያው ግርማ ባለው ድምፅ ነው የሚያነበው። ቂርቆስ ልክ ነበር። ጣቷ የስልኩ መዝጊያ ላይ ሄዶ ቆመ።

«ሀው አር ዩ ቱዴይ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለ ሐብተማርያም።

«ደህና» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። እግዚአብሔር ይመስገንም ከኋላዋ ተሰልፏል። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያዛቸው አብረው የሚወጡ ናቸው። እህተማርያም ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«ደህና አይደለሁም» አለች።

በአማርኛ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ ጆሮውን የሚጠራጠር ሰው አይፈረድበትም። «አስተርጓሚው ጥያቄ አለው፤ ቢደግሙልኝ?» አለ ሐብተማርያም ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ደህና አይደለሁም። ስድስት ዓመቴ ነው፣ ደህና አይደለሁም።»

ተረጎመው። እሷም ቀጠለች። «ደብዳቤያችሁ አሥራ አንድ ጊዜ ደህና ነኝ ብላለች ይላል። ብያለሁ፤ አልክድም። በኛ ቋንቋ እሱ ሰላምታ ነው እንጂ የሕመሜ መልስ አይደለም። እናቴ በሞተች በሦስተኛው ቀን፣ ሐዘን ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንደምን አደርሽ ሲሉኝ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብያለሁ። ያን ቀን ሐኪም ቢኖር ደህና ነች ብሎ ይጽፍ ነበር። አሁን ሰላምታዬን ትታችሁ ሕመሜን ስሙኝ።»

ሐብተማርያም ይህን በደንብ ተረጎመው፤ እንግሊዝኛዋ ለመናገር ቢያጥር ለመስማት አያጥርም። እንዲያውም የእናቷ ጋ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ዝግ አለ። እህተማርያም መሪውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ማታ ስተኛ ጠዋት ባልነቃ ብዬ ነው የምተኛው» አለች። «በየቀኑ።»

ሐብተማርያም በእንግሊዝኛ ያቀረበላቸው፣ «ማታ ማታ በጣም ይደክመኛል፤ ጠዋት መነሳት ይከብደኛል» የሚል ነበር።

ሊሸፍናት ነው! በደግነት ነው፤ ልክ እንደ ቂርቆስ። በዚያች ቅጽበት የስድስቱ ዓመት ንዴት ሁሉ አናቷ ላይ ወጣ። የዚህች አገር ሐኪም አይሰማትም፣ ባሏ ይሸፍናታል፣ አሁን ደግሞ የገዛ ቃሏን ከአፏ ወስደው አጣጥበው ያቀርቡላታል።

«አስተርጓሚ!» አለች። በስሙ ልትጠራው ትችል ነበር፤ አልጠራችውም። «እንደሱ አላልኩም። ደከመኝ አላልኩም። ባልነቃ ነው ያልኩት። እንዳልኩት ይንገሩልኝ።»

ከቫኑ ውጪ አንዲት ሴት ጋሪዋን በበረዶው ላይ እየገፋች አለፈች።

«አስተርጓሚው ስህተቱን ያርማል» አለ ሐብተማርያም። ከዚያም የአስተርጓሚዎች ደንብ እንደሚያዘው፣ «እሷ» ሳይሆን «እኔ» እያለ፣ ሠርግና ተዝካር በሚያነብበት በዚያው ድምፅ፣ ቃል በቃል ተናገረው። እኔ ማታ ስተኛ ጠዋት ባልነቃ ብዬ ነው የምተኛው። በየቀኑ። እህተማርያም የራሷን ነገር በሰው ድምፅ ሰማች። ተባለ፤ በሰው ፊት ተባለ፤ ሰማዩም አልተደፋም።

የሰብሳቢዋ ድምፅ ተለወጠ። ራሷን ለመጉዳት ታስብ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አላስብም» አለች እህተማርያም። «አስቤ ቢሆን ኖሮ ከእናንተ ጋር ስከራከር አልገኝም ነበር። ለመዳን ነው የምጣላችሁ።»

ከዚያ በኋላ የክሊኒኳ ሐኪም አራቱን ኪኒኖች ከነቀናቸው ዘረዘረች። ሰብሳቢዋ አመሰገነች። ሐብተማርያም ቁጥሩን ደግሞ ጠርቶ ተሰናበተ። እህተማርያም ቀጣዩን ተሳፋሪ ለማድረስ ማርሽ አስገባች፤ በሰዓቷም ደረሰች።

በሳምንቱ ኢብሲቱ ደወለች። «ተፈቅዷል!» አለች፤ ከዚያ የነርስ ወግ ትዝ አላት መሰለኝ ድምፅዋን አስተካክላ፣ «ለመጀመሪያው ወር ማክሰኞና ሐሙስ፤ ከዚያ በሳምንት አንዴ። መድኃኒቱ ለሁሉም አይሠራም፤ ይህንንም እወቂው። የሚወስድሽ ሰው ስሙን ንገሪኝ» አለቻት።

የሚወስዳት ሰው! ሰውን ሁሉ የምታመላልሰው ሴት የሚያመላልሳት አጣች። ቂርቆስ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ለምኖ ለምኖ ሐሙስን ብቻ አስቀየረ። ለማክሰኞ የመጣለት ዘዴ፣ ከጎረቤት አንዱን መለመንና ጥርስ ሕክምና ነው ማለት ነበር።

«በሳምንት ሁለቴ፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ጥርስ!» አለች እህተማርያም። «ስንት ጥርስ አለኝ ብለህ ነው? አዞ ነኝ?»

ቂርቆስ ሳይወድ ሳቀ። እሷ ግን ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀምራለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ እንደተለመደው ሞልቷል። እህተማርያም ወረቀቷን ይዛ ወደ ሐብተማርያም ሄደች። ሲያያት ዓይኑን ሰበረ። ምንም ሊላት አይችልም፤ በዚያ ረቡዕ በስልክ የሰማውን ለሷ ለራሷም ቢሆን ማንሳት አይፈቀድለትም። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ይኼ... በሕዝብ ፊት ይነበብ?»

«ይነበብ፣ ጋሽ ሐብቴ። አንድ ቃል ሳይጎድል።»

ቂርቆስ አጠገቧ ቆሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወዳል፤ ግን ከአጠገቧ አልራቀም። ይህን ውለታውን ቆጥራለታለች። ሐብተማርያም መጀመሪያ በረዶ ስለሚጠረግ መኪና የት መቆም እንደሌለበት አነበበ። ቀጥሎ የአንድ ሕፃን ክርስትና አነበበ። ከዚያ መነጽሩን አስተካከለ።

«እህታችን እህተማርያም በድብርት ሕመም ከታመመች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሴንት ፖል ባለ ክሊኒክ ሕክምና ተፈቅዶላታል። መድኃኒቱን በወሰደችበት ቀን መንዳት ስለማትችል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያደርሳትና የሚመልሳት ሰው ትፈልጋለች። ጥያቄ ያለው ራሷን ይጠይቅ፤ ቆማለች።»

ቆማለች። አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ ብቻ ናቸው የሚንጫጩት። አንዳንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዳንዱ ስልኩን፤ ሦስት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። እህተማርያም አንገቷን አልደፋችም። ፊቷ እንደ እሳት ይነዳል፣ ግን የመጣው ይምጣ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። ዓይኗን የመለሱላት ጥቂት ናቸው።

«ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ ገላኔ ነች፤ ነጠላዋን እያስተካከለች ትነሳለች። ቂርቆስ በለሆሳስ «ጉድ ፈላ» አለ።

«ማክሰኞ ነው ያልሽው፤ ስንት ሰዓት ነው? እኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ከቤቴ አልወጣም፤ በረዶ ላይ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«አራት ተኩል ነው፣ እትዬ ገላኔ።»

«እሺ» አለችና ተቀመጠች።

ለማክሰኞ አጥቢያ ቂርቆስ ሲመክራት አደረ። አትመልሺላት፣ ምንም ብትጠይቅሽ አትመልሺ። ግን እትዬ ገላኔ ምንም አልጠየቀችም። ከቡርንስቪል እስከ ሴንት ፖል፣ በቀኝ መስመር፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ነዳች። ያ ዝምታ እህተማርያምን ከወሬው ይልቅ አስፈራት።

ኢብሲቱ አንድ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ የደም ግፊቷን ለካች። እትዬ ገላኔ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀመጠች። ኢብሲቱ ለእህተማርያም ከጣት የማይበልጥ ነጭ የፕላስቲክ መርጫ ሰጠቻት።

«ራሴ ነኝ የምረጨው?»

«ራስሽ ነሽ። እኔ አይሻለሁ።»

አንዱን አፍንጫዋን ዘግታ በሌላው ሳበች፤ ከዚያ በዘጋችው በኩል። ምሬት ጉሮሮዋ ላይ ወረደ። ሁለተኛውን መርጫ ከመውሰዷ በፊት አምስት ደቂቃ ማረፍ ነበረባት።

«ስሚ፣ ልጄ» አለች እትዬ ገላኔ፤ ለኢብሲቱ ነው። «ይኼ ነገር እንዲፈቀድ ሰው ስንት ኪኒን ሞክሮ መሆን አለበት?»

«ቢያንስ ሁለት፣ እናቴ።»

እትዬ ገላኔ የካፖርቷን ቁልፍ ፈታች። «እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ። በመጪው ፋሲካ አራት ዓመት ይሆነኛል።»

እህተማርያም አንገቷን ከወንበሩ ላይ ቀና አደረገች። ኢብሲቱ በእጇ መለሰቻት፤ ቀና ማለት ገና አልተፈቀደላትም። «እትዬ ገላኔ! ለማንም አልተናገርሽም?»

«ለማን ልናገር? ሰው ሁሉ ወሬውን ወደኔ ያመጣል። የኔን ማን ጋ ልውሰደው?» ዓይኗ ሞላ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ተቆጣች። «እሑድ ያን ወረቀት ስታስነብቢ በጣም ነው የተናደድኩብሽ። ይቺ ከየት የመጣች ደፋር ነች አልኩ። ከዚያ ሰዓቱን ጠየቅሁሽ።» ወደ ኢብሲቱ ዞረች። «በይ ልጄ፣ ፎርም ካለሽ አምጪልኝ። ደህና ነሽ ወይ ብለው ከጠየቁኝ ግን ከእሷ ጋር አብረን ነው የምንጣላው።»

«ሁለታችንም ከገባን ማን ይነዳናል?» አለች እህተማርያም። አንደበቷ መንሳፈፍ ጀምሯል፤ ሳቋ ግን የራሷ ነው።

«ባልሽ ነዋ! ያ ፈሪ። ማክሰኞንም ያስቀይር።»

«ያስቀይራል» አለች እህተማርያም። «ባይፈልግም ያስቀይራል።»

ኢብሲቱ ሰዓቷን አይታ ሁለተኛውን አቀበለቻት። እህተማርያም ግራ አፍንጫዋን በጣቷ ዘጋችና ሳበችው።